ጆሮ የጣላቸው ቱቦዎች

ሙዚቀኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እንጃ። ዕድሜውን የፈጀው ድምፅ በሚያጎላ የመስታወት ቱቦ የሚሠሩ የጊታር አምፕሊፋየሮችን ሲጠግን ነው። መለኪያ መሣሪያ ሲያይ ይስቃል። የጊታሩን ክር አንዴ መታ አድርጎ «ይሄ ቱቦ ሞቷል» ካለ ሞቷል ነው፤ ይግባኝ የለም።

አምና፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማረችው ልጁ አንድ ነገር ይዛበት መጣች። ድምፁ እንደ ድሮው በቱቦው ያልፋል፤ የድምፅ ማስተካከያ ማዞሪያዎቹን ግን ትንንሽ ሞተሮች ያዞሯቸዋል፣ ልካቸውን ደግሞ ቺፕ ይይዘዋል። ፔዳሉን ሲረግጡት ማዞሪያዎቹ በራሳቸው ዞረው ቀድሞ ወደተያዘላቸው ልክ ይመለሳሉ። «ቱቦና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው?» ብሎ ጥቂት ቀን አኮረፈ። ግን የልጅ ነገር ሆነበትና ለመሞከሪያው አምፕሊፋየርም፣ ለአንድ ደንበኛውም አስገጠመ፤ የሁለቱንም ድምፅ በጆሮው አስተካክሎ አስያዘ።

ዘንድሮ ቱቦ ሁሉ ይሞትበት ጀመር። አዲስ ያወጣል፣ ይሞክራል፣ «ታፍኗል» ብሎ ካርቶን ውስጥ ይወረውራል። ሻጩን ረገመ፣ ፋብሪካውን ረገመ፣ በመጨረሻ «ያ ቺፕሽ ነው የሚበላቸው» አላት። ልጅቷን ከነከናት። ምሳ ሊበላ ሲወጣ የተጣሉትን አንድ በአንድ ለካቻቸው። ሁሉም ደህና ናቸው።

ሲመለስ ጊታሩን ሰጠችውና የመሞከሪያውን ፔዳል ረገጠች። ማዞሪያዎቹ ዞረው አምና እሱ የተዋቸው ቦታ ላይ ቆሙ። ክሩን መታ።

«ብርድ ልብስ ደርቦ ነው እንዴ የሚዘፍነው? ቀጭኑ ድምፅ የት ገባ?» አለና ማዞሪያውን እስከ ጥግ ወሰደው። እንደገና መታ። ፊቱ ፈታ አለ። «አሁን መጣ።»

ዞር ሲል ልጁ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች።

«በጣም ጮኸ?»

«አባዬ፣ ቱቦዎቹን ለካኋቸው። ምንም አልሆኑም።»

ጊታሩን ከግድግዳው አስደግፎ ተቀመጠ። ፈራ። መበየድማ ማንም ይበይዳል፤ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ለጆሮው ነው። «ሌላ ሰው ያውቃል?» አላት። «ማንም አያውቅም» አለችው።

ይህን እያወሩ ያ አምፕሊፋየሩ ላይ ቺፕ የተገጠመለት ደንበኛ ለጥገና ትቶት የነበረውን ሊወስድ ገባ። «ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት ድምፁን አንዴ ያስተካክሉልኝ» አለ።

እጁ እንደ ልማዱ ወደ ማዞሪያው ሄደ፤ ደረሰ፤ ተመለሰ። ፔዳሉን ረገጠ፤ ማዞሪያዎቹ አምና በጆሮው ያስያዛቸው ቦታ ላይ ቆሙ። ሰውየው ጊታሩን ሰክቶ ሲጫወት ለጆሮ የተሰማው ግን ያው ብርድ ልብስ ነው። የልጁን ፊት አየ። እንባ አቅርራ ፈገግ ብላለች።

«ይሄ ነው» አለ።

«ይሄ ነው እንጂ!» አለ ጊታሪስቱ። «ጋሼ፣ ጆሮዎን ያቆይልን።» ተሸክሞት ወጣ።

«አሜን» አለ ጆሮ፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ። ከዚያ ካርቶኑን ሳበና የጣላቸውን ቱቦዎች እያነሳ ለልጁ ያቀብላት ጀመር፤ እሷም እየጠረገች መደርደሪያው ላይ መለሰቻቸው።