የሚቋረጠው መስመር

ፀደይ በምትሠራበት፣ ጀርመን አገር ሆኽስት ሰፈር ባለው ስልክ መሸጫ አንድ ሽማግሌ ገብተው ባንኮኒውን በቡጢ ደለቁት። ክረምት ከበጋ የማይለያቸውን ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የኢንተርኔት ራውተራቸውን ከነገመዱ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ሀበሻ መሆኗን ሲያዩ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ በአማርኛ ጮኹባት።

«መስመር ጠጋኙ ቴክኒከር መጥቶ ‘መስመሩ ደህና ነው’ ብሎኝ ሄደ። ውሸታም! ይቋረጣል እኮ ነው የምልሽ!»

«መቼ መቼ ነው የሚቋረጠው፣ ጋሼ?»

«ልጄ ካገር ቤት በስካይፕ ‘ለእናቴ ለቅሶ ለምን አልመጣህም?’ ስትለኝ! ልክ እዚያች ላይ ስትደርስ፣ ድርግም!»

ፀደይ ገመዱን አገላብጣ አየችው። መሰኪያው ተደጋግሞ ከመነቀሉ የተነሳ መያዣ ጥርሱ ተሰብሯል። አዲስ ገመድ አውጥታ ራውተሩ ላይ ራሷ ሰካችላቸው።

«ይሄኛው በቀላሉ አይነቀልም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ደማቸው ፈላ።

«የድሮውን መልሽልኝ!»