ዓሦቹ የወጡበት ደረጃ

የዓሦቹን ነገር መጀመሪያ የነገሩኝ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ናቸው። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጉለሌ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እኚህ ሴት በየሳምንቱ አንድ ሸክም ለቤታችን ያመጣሉ፤ ደጃፋችን ላይ አውርደው ውኃ ይጠጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ በመንገድ ያዩትን ያወሩኛል። አንድ የሰኔ ጠዋት ባዶውን ብርጭቆ እየመለሱልኝ፣ "ያ የቀበሌያችሁ ግድብ ዓሣ እየፈጀ ነው" አሉኝ።

"የምን ዓሣ ነው እማማ?"

"የወንዙ ነዋ። ዝናብ ሲጥል ወደ ላይ የሚወጡት። ድሮ እኔ እስከምሻገርበት ድረስ ይመጡ ነበር። አሁን ግንቡ ሥር ተከማችተው ወፍ ይለቅማቸዋል።"

ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያደግኩ ነኝ። በዚያ ወንዝ ልብስ አጥቤበታለሁ፣ እግሬን ነክሬበታለሁ፤ ዓሣ እንዳለበት ግን አላውቅም ነበር። ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ለተማሪዎቼ፣ እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ ስለሚጓዘው የፈረንጅ አገር ዓሣ፣ ስለ ሳልሞን፣ ከመጽሐፍ እያነበብኩ አስተምር ነበር። አፈርኩ። ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

ግድቡን ቀበሌው ሕዝቡን አስተባብሮ የሠራው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። በበጋ ውኃ ያጠራቅማል፣ ሰፈሩ በሙሉ ልብሱን ያጥብበታል። ሥሩ ስንደርስ መጀመሪያ የታየኝ የደፈረሰ ውኃና አረፋ ብቻ ነበር።

"ዝም ብለሽ እዪ" አሉኝ።

ዝም ብዬ አየሁ። አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጣት የምታክል፣ ጎኗ ብር የመሰለ ዓሣ ከአረፋው ውስጥ ተፈናጥራ ግንቡን መታችና ወደቀች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሦስት አራት ሆነው ባንድ ጊዜ። መቁጠር ጀምሬ ጠፋብኝ። ጃንጥላው ከእጄ መውደቁን ያወቅኩት ውኃው ይዞት ሲሄድ ነው፤ ሮጬ ላመጣው እንኳ አልፈለግኩም። በመጽሐፍ የማነበው ነገር ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ዓይኔ ሥር እየሆነ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበራችን ቁጥብ ሰው ነበር፤ ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ሲያዳምጥ እርሳሱን በጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል። ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝ።

"ጓድ መምህርት፣ ግድቡን የሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው" አለኝ። "አንቺ አሁን ለማይበላ ዓሣ ስትይ ይፍረስ እያልሽኝ ነው?"

በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ ቀላል አልነበረም። "አይፍረስ" አልኩት። "ጎኑ ላይ ደረጃ ይሠራለት። ውኃው በደረጃው ሲወርድ፣ እነሱ በዚያው ይወጣሉ።"

"ዓሣ ደረጃ ይወጣል?"

"ይወጣል" አልኩ። እኔም ያየሁት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነበር፤ ያንን ግን አልነገርኩትም።

እርሳሱን አቆመ። ከተማሪዎቼ ጋር ድንጋዩን ካቀረብኩ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችም ከተስማሙ፣ ሲሚንቶውን ቀበሌው እንደሚሰጥ ነገረኝ። ሸማኔዎቹን የጠቀሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከግድቡ በላይ ባለው ጠጠራማ ቦታ ቀለም የነከሩትን ክር የሚያጥቡት እነሱ ናቸው፤ ዓሦቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ደግሞ፣ እንደነገርኩት፣ እዚያው ጠጠር ላይ ነው። የሚያጥቡበትን ወደ ታች ካልለወጡ ደረጃው ዋጋ የለውም።

በጋው እንደገባ ሽሮ ሜዳ የማኅበራቸውን ሰብሳቢ ሄጄ አነጋገርኩ። ሽማግሌ ናቸው። ከሸማው ጉድጓድ ሳይነሱ፣ መወርወሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ሰሙኝ።

"ከታች ክር የምናሰጣበት ሜዳ የለም፣ ልጄ" አሉ። "ጭቃ ላይ እናሰጣ?"

"ሜዳው ቢደለደልስ ጋሼ?"

"ማን ይደለድለዋል?" አሉና ትንሽ አሰቡ። "በመጀመሪያ ዓሣውን አሳዪኝ።"

ይዣቸው ሄድኩ። በበጋ ዓሦቹ ከግድቡ በታች ባለች ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ይቆያሉ። ሽማግሌው ከኪሳቸው ቁራሽ ዳቦ አውጥተው ፈርፍረው ጣሉ። ውኃው ድንገት ፈላ፤ ከየድንጋዩ ሥር እየወጡ ፍርፋሪውን ሲሻሙ ሽማግሌው ቁጢጥ እንዳሉ፣ ነጠላቸው ውኃ እየነካ፣ ቁራሹን እስኪጨርሱ አልተነሱም። "አርባ ዓመት ክር አጥቤ" አሉ፣ "አርባ ዓመት።" ሲመለሱ መንገዱን በሙሉ ስለ ዓሦቹ ነበር የሚያወሩት። ሜዳውን ቀበሌው በአንድ የቅዳሜ ዘመቻ ሊደለድልላቸው፣ እነሱም ክራቸውን ወደ ታች ሊያወርዱ ተስማሙ።

መጋቢት ላይ ሥራው ተጀመረ። ተማሪዎቼ ድንጋይ አመላለሱ፤ ሸማኔዎቹ ውኃውን በአሸዋ ጆንያ ወደ አንድ ጎን ከለሉልን፤ የሰፈራችን ግንበኛ፣ ጸሎት ቤቱ የተዘጋበት ጴንጤ ጎረቤታችን፣ ገነባ። እሱና ሊቀመንበሩ በሌላ ጊዜ ሰላም አይባባሉም። በዚያ ሳምንት ግን አንዱ ውኃ ልክ ሲይዝ ሌላው "ትንሽ ከፍ አድርገው" ሲል እሰማ ነበር። አራት ያማሩ ደረጃዎች ወጡ። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሳ ደስታ ይዞኝ ከረምኩ።

ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ጣለ። ሁላችንም ዳር ቆመን ጠበቅን። ጥቂት ዓሦች መጡ። የመጀመሪያውን ደረጃ አንዷ ዘለለችው። ሁለተኛው ላይ ውኃው ጠርጎ መለሳት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና መለሳት። እስከ ቀትር አንድም አልወጣም። ሊቀመንበሩ ትቶን ሄደ። እኔ ግንቡ ላይ ተቀምጬ የማደርገው ጠፋኝ።

እንጨት ተሸካሚዋ ከላይ ሲወርዱ አገኙኝ። ሸክማቸውን በጀርባቸው እንዳዘሉ ቆመው ደረጃውን አዩት።

"ይሄ የሰው ደረጃ ነው" አሉ። "ለነሱ ተራራ ነው። ደግሞ ማረፊያ የት አለው? እኔ ከእንጦጦ ስወርድ ሸክሜን የማስደግፍበት ድንጋይ በየቦታው ባይኖር፣ ግማሽ መንገድ ላይ እቀር ነበር።"

ሮጬ ግንበኛውን ጠራሁት። ሴትየዋ የነገሩኝን ደግመው ነገሩት። ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከና፣ "እኔ ለእግር ነው የሠራሁት" አለ፣ በራሱ እየሳቀ። አራቱን ደረጃ ዘጠኝ አደረጋቸው። እያንዳንዱ ከስንዝር አይበልጥም፤ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ማረፊያ አበጀ፤ ውኃው ገብቶ ዞሮ፣ ረጋ ብሎ የሚወጣበት። ግንቦት ሲያልቅ ጨረሰ።

የሰኔው ከባድ ዝናብ የጣለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ቆርቆሮው ሲያስተጋባ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ተማሪዎቼን "ተከተሉኝ" አልኳቸው። ስንደርስ ሽማግሌው ሸማኔ ጆንያ ደርበው ቀድመውናል። ሊቀመንበሩም ነበር፤ ማን እንደነገረው አላውቅም።

የመጀመሪያዋ ዓሣ ገባች። አንደኛው ገበቴ ውስጥ ቆማ ጭራዋን ታወዛውዛለች። ዘለለች፣ ሁለተኛው። ቆየች፣ ሦስተኛው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ክንዴን ጨብጠው ይዘውኝ ነበር፤ በማግስቱ የጣታቸው ምልክት ቀርቶብኝ ነበር። ዘጠነኛውን አልፋ ከግድቡ በላይ ወዳለው ውኃ ስትገባ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ከኋላዋ ደረጃው ሞልቶ ነበር። በየገበቴው አምስት፣ ስድስት፣ አሥር እየሆኑ ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ሊቀመንበሩ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ይቆጥር ጀመር። ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ስላናገሩት ጠፋበትና፣ "ጋሼ፣ እባክዎን" አላቸው፣ መጫወቻውን የተነጠቀ ልጅ እንደሚያኮርፈው ዓይነት። እኔ እያለቀስኩ ነበር። ዝናብ ስለሆነ አላፈርኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠጠሩ መሐል የመርፌ ውፍረት ያላቸው የዓሣ ጫጩቶች አገኘሁ። ጥቂቶቹን በማርማላታ ጠርሙስ ከውኃቸው ጋር ቀድቼ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ይዤ ገባሁ። አጀንዳው ሌላ ነበር። ጠርሙሱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አጀንዳውን የሚያዳምጥ አልተገኘም፤ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ እያነሳ በብርሃን ያያል። ሊቀመንበሩ ጠርሙሱ እሱ ዘንድ ሲደርስ ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ። ከዚያ፣ ከግድቡ በላይ ጠጠር ለግንባታ መዛቅ እንዲቀር፣ ደረጃውንም በየዓመቱ ከክረምት በፊት ሸማኔዎቹና ትምህርት ቤቱ አብረው እንዲጠርጉት ሐሳብ አቀረበ። የተቃወመ አልነበረም።

ስብሰባው ሲበተን ጫጩቶቹን ልመልሳቸው ተነሳሁ። ሊቀመንበሩ ጠርሙሱን አልሰጠኝም። ዝናብ እንዳይገባበት ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ ሌላው እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ፣ ከፊታችን እየመራ ወደ ወንዙ ወጣ። ከስብሰባው ሰው ግማሽ ያህሉ ተከተለን።