ኮች የቀየራት አምበል

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ከሚባለው ሰፈር ባጃጅ ስሳፈር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉልበታቸውን ቅባት ተቀብተው ነበር። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የኮሌጃችንን ልብስ መቀየሪያ ክፍል አመጣብኝ፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን፣ የእርጥብ ካልሲውን ጠረን፣ የእኛን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ጫጫታ።

አሰልጣኛችን በጉብዝናው ጊዜ የከተማው ቡድን አጥቂ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ግራ እግሩ ያወራል፤ እሱ ግን ትንፍሽ አይልም። ገና በወጣትነቱ ለምን ኳስ እንዳቆመ ስንጠይቀው "ሩጡ፣ ሰዓት ሄደ" ይለን ነበር። ተከላካያችን "ጨዋታ ሸጦ ተባሮ ነው አሉ" ብላ ሹክ ካለችን ወዲህ እያንዳንዷን እርምጃውን በጥርጣሬ እናይ ጀመር።

ለፍጻሜ የደረስነው ከካምባ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። በዋዜማው መናኸሪያው አጠገብ ኮችን ከተጋጣሚያችን ወጌሻ ጋር ሲንሾካሾክ አየሁት። ሲያየኝ ንግግሩን አቋረጠ።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሙዝ ልገዛ ነው፣ ኮች።"

"በይ ገዝተሽ ቶሎ ተመለሺ።"

በሩጫ ሄጄ ለቡድኑ ተናገርኩ። ሁሉም አመኑኝ። አምበላችን ብቻ "ተይው" አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

በማግስቱ አንድ ለዜሮ እየመራን ለዕረፍት ወጣን። ኮች አምበላችንን ቀየራት።

"እችላለሁ፣ ኮች! ስለ ጌታ ብለው!" እያለች አለቀሰች።

"ተቀመጪ አልኩሽ።"

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሜዳው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሸጡን! መናኸሪያ አይቼዎታለሁ!" ብዬ ጮህኩበት። እሱ ጎንበስ ብሎ ኳሶቹን መልቀም ጀመረ። እንዲነሳልን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቀጣዩ ሴሚስተር አልተመለሰም።

እውነቱን የሰማሁት ክረምት ላይ ነው። አምበላችን አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ ከፍጻሜው በፊት ጉልበቷ ካበጠ ሳምንታት አልፈው እንደነበር ነገረችኝ። ለማንም እንዳይናገር ኮችን አስምላው ነበር። የካምባው ወጌሻ የድሮ ጓደኛው ስለሆነ፣ እንዲያያት የለመነውም ያን ቀን መናኸሪያው አጠገብ ነው። ወጌሻው ጉልበቷን አይቶ "አርባ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም" ብሏል። ኮች ራሱ በጉብዝናው፣ ባበጠ ጉልበት ተጫወት ተብሎ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

"ታዲያ ስሰድበው ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺን ፈራሁ" አለችኝ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ላንቴ ወደሚባል የገጠር ቀበሌ ሄጄ ኮችን አገኘሁት። በሙዝ እርሻው ውስጥ ትንሽ እያነከሰ መጣና በስሜ ጠራኝ።

"ያቺ ልጅ ትሮጣለች?" አለኝ።

"ትሮጣለች። አሁን ስፖርት አስተማሪ ናት።"

ፊቱ ሁሉ ፈካ።

"ኮች፣ ያ ማመልከቻ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ፀሐይ መታሽ እኮ፤ ነይ፣ ወደ ጥላው ግቢ" አለኝና ወንበር ሊያመጣልኝ ሄደ።