ከመሪው በታች የተሰካችው ነገር

ወንድሜ መኪናዋን ከአዲስ አበባ በሾፌር ሲልክልኝ ከመሪው በታች አንዲት ጥቁር ነገር ሰክቶባት ነበር። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም፤ ጎንበስ ብሎ ላልፈለጋት አትታይም። ስልክ ደውሎ፣ «እንዳትነቅያት፤ መኪናዋ ስትታመም የምትነግርሽ እሷ ናት» አለኝ። ስልኬ ላይ የምጭነውን አፕም ላከልኝ፤ መለያውንም የይለፍ ቃሉንም ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ሞልቶ። ውስጧ ሲም ካርድ እንዳለ ነግሮኝ ነበር። ሲም ካርድ ለመኪና ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅኩም።

እሱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ አሶሳ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ስድስተኛዬን ይዣለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ በዓለም ላይ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን ብሎ ያስባል። ወደዚህ የሚመጡት መንገዶች ደግሞ አንድ ሰሞን ይከፈታሉ፣ አንድ ሰሞን ይዘጋሉ፤ በሬዲዮ አንድ ነገር በሰማ ቁጥር ይደውልልኛል። ፍቅሩን በጭንቀት እንጂ በሌላ ነገር መግለጽ አይችልበትም።

ለእሱ ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው አባታችን ጋ ነው።

አባታችን በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት፣ ከወሎ ለሰፈራ ሲወሰድ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። ቦታ ይዤ አስመጣችኋለሁ ብሎ ሄዶ ቀረ። እናቴ ስሙን ቤት ውስጥ አታነሳም ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ካደገ በኋላ ሰው ሲጠይቀው «ሞቷል» ማለት ጀመረ። እኔ ግን አይቼው የማላውቀውን ሰው መጥላት አልሆነልኝም። አሶሳ እንደደረስኩ ለማንም ሳልናገር ማጠያየቅ ያዝኩ። በመጨረሻ ባምባሲ አጠገብ፣ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ፣ የወሎ አነጋገር ዛሬም ካልለቀቃቸው ሽማግሌዎች መካከል አገኘሁት። በሩ ላይ ቆሜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ብዙ አየኝና፣ «እናትሽ አለች?» አለኝ። የለችም አልኩት። ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። እዚህ ያገባት ሚስቱም ሞታ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ለምን እንደቀረ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

መኪናዋ ስትመጣ ጉዞው ቀለለልኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአሶሳ እነሳለሁ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ደርሼ ማንጎው ሥር አቆማታለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። የሽንት ሕመም ጀምሮት ስለነበር አንዳንድ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ አደርሰዋለሁ። ጥርጊያው መንገድ ሲያንገጫግጨው ያመዋል፤ ስለዚህ በእግር የሚሄድ ሰው እየቀደመን ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈተና እያረምኩ ሳለ ወንድሜ ደወለ። ስለ ጤንነቴ ጠየቀ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣

«ቅዳሜ ቅዳሜ ባምባሲ ምን አለሽ?» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ ጓደኛ አለችኝ አልኩት።

«ጓደኛሽ ከከተማው ወጣ ብላ ነው የምትኖረው» አለ። «ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሞተር ታጠፊያለሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታስነሻለሽ። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልዘለልሽም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከየት አወቅህ ስለው፣ ከመኪናዋ ነዋ አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። መንገዱ ስለሚያሰጋው እንጂ ሊሰልለኝ እንዳልሆነ፣ እንደኔ ሩቅ ቦታ ያለች እህት ያለው ሰው ሁሉ ይህንኑ እንደሚያደርግ አስረዳኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ተናድጃለሁ፤ ግን በሙሉ ልቤ መናደድ አልቻልኩም፤ የዋሸሁት እኔ ነኛ።

ከዚያች ሰኞ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ገበያ ስሄድ፣ ነዳጅ ስቀዳ፣ ኮሌጁ በር ላይ ስቆም ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓቱ የሆነ ቦታ እየተጻፈ እንደሆነ ይሰማኛል። አንዴ ውሻ ገብቶብኝ ድንገት ፍሬን ያዝኩና መጀመሪያ ያሰብኩት ውሻውን ሳይሆን፣ ይሄም ተመዘገበ የሚለውን ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ መኪናዋን ወደማውቀው ጋራዥ ወሰድኳት። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ «እህቴ» ብሎ ጀምሮ «አንተ» ብሎ ይቀጥላል፤ ለምጄዋለሁ። ስልኬን ሆን ብዬ ቤት ትቼ ነበር የሄድኩት። ነገሩን ስነግረው ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። የራሱን ስልክ አወጣ፣ ብሉቱዙን ከፍቶ ጥቂት ነካካና ወደ እኔ አዞረው። የሞተሩ ሙቀት፣ ዙሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ሳይቀር ስልኩ ላይ ተደርድሯል።

የሚስጥር ቁጥሩን ማን እንደሰጠው ጠየቅኩት።

«ማንም። ከፋብሪካ ሲመጣ ቁጥር አለው፤ ሁሉም አንድ ነው፤ ሰው አይቀይረውም» አለኝ። «እህቴ፣ አንተ በር ቆልፈህ ትሄዳለህ። ይሄ ግን መስኮት ከፍቶ ይጠብቃል።»

መፍቻውን አስቀምጦ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ያ መሰኪያ የተሠራው ለጋራዥ ነው፤ መካኒክ ሰክቶ፣ አይቶ፣ ይነቅላል እንጂ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ነገር እንዲኖረው አይደለም። በዚያ በኩል የሚነበብ ብቻ ሳይሆን መኪናውን የሚያዝም ነገር ይገባል፤ መሣሪያዋ ርካሽና ጥበቃ የሌላት ከሆነች አጠገብ የቆመ ክፉ ሰው ምን ድረስ መሄድ እንደሚችል እሱም በትክክል አያውቅም። በሲሙ የሚወጣው ደግሞ በቀጥታ ወንድሜ ጋ አይደርስም፤ መጀመሪያ የሚያርፈው አፑን የሠራው ድርጅት ጋ ነው። የት አገር ያለ ድርጅት ነው አልኩት።

«ወላሂ አላውቅም» አለ። ልንቀላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተዋት አልኩት። ከነቀልኳት ወንድሜ ወዲያው ያውቃል፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት ገና አላዘጋጀሁም ነበር።

ቤት ገብቼ በዚያች መኪና የት የት እንደሄድኩ አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርኩ። ያን ጊዜ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትዝ ያለችኝ። ባሏ ሲደበድባት ኖሮ አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ፣ አሁን ተደብቃ ያለችበት ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። የት እንዳለች ለማንም ላልናገር ምዬላት ነበር። እኔ አልተናገርኩም። መኪናዋ ግን መንገዱንም፣ የቆምንበትን ደጃፍም፣ ሰዓቱንም አስመዝግባለች። የአባቴ ደጃፍም አለ። ከመተከል በኩል ቤታቸውን ጥለው የመጡ ተማሪዎች አስተምሬያለሁ፤ የሰው በር የት እንደሆነ መታወቁ አንዳንድ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ ከእነሱ አፍ ሰምቻለሁ። ወንድሜን አልጠረጠርኩም። ከወንድሜ ጀርባ ያለውን የማላውቀውን ሰው ነበር የማስበው፤ ማሰቡን ማቆም አልቻልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያዋን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳትና ወደ ባምባሲ ነዳሁ። ነጻነት ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ግን የሰረቅኩትን ይዤ የምሸሽ ነው የመሰለኝ። ስልኬንም አጥፍቼው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ደርሼ ስልኬን ስከፍተው መንጫጫት ጀመረ፤ የወንድሜ ጥሪ ብቻ ነው የተደረደረው። ዳር ይዤ ደወልኩ።

ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። መኪናዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠፍታበታለች። ኮሌጁ ጥበቃ ጋ ደውሏል፤ መናኸሪያ የሚያውቀው ሰው ፈልጎ የባምባሲን መንገድ አስጠይቋል፤ የሚቀጥለውን አውሮፕላን ሊይዝ ልብሱን አዘጋጅቷል።

«የሞትሽ መሰለኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። «አባታችን ጋ ነው የምሄደው» አልኩት።

አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ መኪናዬ ተወዛወዘች።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ካርታው ላይ ቤቶቹ በመስመር የተሠሩበትን መንደር አይቶ ገብቶታል፤ እናታችን ልትሞት ስትቃረብ የሰፈራውን ቦታ ለእሱ ነግራው ኖሯል። እኔ እስክነግረው ይጠብቅ ነበር። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ያቺን ነጥብ አባቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ሲያያት ይውላል።

«ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ወስደሽዋል» አለኝ። «እሱን ስትጭኚ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ነው የምትነጂው። በጣም ታሟል?»

መሪው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ከንዴት ይሁን ከመገላገል ዛሬም አልለየሁትም። ልትጠይቀኝ ትችል ነበር አልኩት። አንቺም ልትነግሪኝ ትችይ ነበር አለኝ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ ለማናችንም አልጠቀመንም።

በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜ መጣ። አባታችንን ወደ አሶሳ ሆስፒታል ልናመጣው አብረን ሄድን። አባታችን ከበሩ ላይ ሆኖ አየውና፣ «ትልቁ ነህ?» አለው።

«ነኝ» አለ ወንድሜ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ግን እስከ መኪናው ድረስ ክንዱን ይዞ አደረሰው፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይም ወረፋ ሲጠብቁ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየኋቸው፤ ሁለቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ኦፕራሲዮን ተደረገለት፤ ዳነ። ወንድሜ እስከ ዛሬ «አባባ» አይለውም፤ «እርስዎ» ነው የሚለው። ይቅር ያለው አይመስለኝም። ጤንነቱን ግን በየሳምንቱ በጎረቤት ስልክ እየደወለ ይጠይቀዋል።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ሲሙን አውጥቶ በመቀስ ቆረጠው፤ መለያውን እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አጠፋው። እስካሁን የተሰበሰበውም እንዲጠፋልን ለድርጅቱ ጻፍን። ጥያቄያችሁ ደርሶናል የሚል አንድ መስመር መጣልን፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ለባልደረባዬም መንገር ነበረብኝ። ሳምንት ሙሉ እየቀጠርኩ አሳለፍኩና አንድ ቀን መምህራን ክፍል ብቻችንን ስንሆን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ማን እንዳየው ጠየቀችኝ። የማውቀው ወንድሜን ብቻ ነው፤ እሱም ቦታው የማን እንደሆነ አያውቅም አልኳት። «የምታውቂው» አለች ቃሌን ደግማ። አልተቆጣችም። በዚያው ሳምንት ቤት ቀየረች፤ አዲሱ የት እንደሆነ ለእኔም አልነገረችኝም። ልክ ናት።

አሁን መኪናዋ ከመሪዋ በታች ምንም የላትም። እኔ ግን ቅዳሜ ስሄድ ባምባሲ ገበያ አጠገብ አቆማትና ወደ መንደሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ምንም ጥቅም እንደሌለው አውቃለሁ፤ ያ ደጃፍ አንዴ ተጽፏል። ባለፈው አባቴ በአቧራ ነጭ የሆነውን ጫማዬን አይቶ መኪናዋ ተበላሽታ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ናት፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው አልኩት። አላመነኝም፤ ውሃ አምጥቶ እግርሽን ታጠቢ አለኝ።