የሰፊው ክፍል አስታራቂ

መምህሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ስለ ጠብና ስለ እርቅ ነው። ቤት ሲገባም ሥራ አይፈታም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ በጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ባንዲት ጠረጴዛ ሲናጩ፣ ከጥናት ክፍሉ ብቅ ይልና «በሉ፣ ተሳሳሙና ይብቃ» ይላቸዋል። እነሱም ለወጉ ያህል ይሳሳማሉ፤ እሱ ተመልሶ በሩን ይዘጋል። እርቁ ግን ውሎ አያድርም።

ተማሪዎቹ ፊት እንዳይደናቀፍ ትምህርቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ የመለማመድ አመል አለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አስታርቆ እንደተመለሰ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ጀመረ።

«የጠብን ምክንያት ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ አትፈልጉ፤ ማን የት እንደተቀመጠ እዩ። ‹ታረቁ› ባዩም ብዙ ጊዜ ሰፊውን ቦታ የያዘው ሰው ነው።»

ግድግዳው ስስ ነበር። ታናሺቱ ከወዲያ ማዶ «አባዬ፣ እስቲ የመጨረሻውን ድገመው» አለችው።

መምህሩ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። ሁለት አልጋና ሁለት ጠረጴዛ ቢገባበት እንኳ ቦታ ይተርፈዋል። ሳቁ አመለጠው፤ እጅጌውን ሰብስቦ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረ። ልጆቹም ሐሳቡን ሳይቀይር ብለው ጠረጴዛቸውን እየጎተቱ ገቡ።

የመጀመሪያውን ካርቶን ተሸክሞ መኝታ ቤት ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እዚህማ አይገባም» አለች።

«ታዲያ የት ላድርገው?» አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ።

ሁለቱ ልጆች ከሰፊው ክፍል ብቅ አሉ።

«በሉ፣ ተሳሳሙና ይብቃ» አሉ ባንድ አፍ፤ ተመልሰውም በሩን ዘጉ።