በጣቴ ያወቅሁት ስብራት

ዛሬ ከኦምዱርማን ገበያ የገዛሁትን የበግ ጉልበት ለሾርባ ሳጥብ፣ አውራ ጣቴ ሳላዘው መገጣጠሚያው ላይ ቆሞ በአጥንቱ ጫፍ ያለውን ነጭ፣ ልስልስ ሽፋን መዳበስ ጀመረ። እንዲህ መዳበስን ያስተማረኝ አባቴ ነው።

አባቴ ከወሎ የመጣ ወጌሻ ነበር፤ የሰፈራችን ሱዳኖች «በሲር» ይሉታል፤ ሰውም ከብትም ይጠግናል። ሥጋ ሻጩ የሰጠውን የበግ እግር በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሳላይ በእጄ ብቻ እንድለየው ስለሚያደርገኝ፣ እኩዮቼ በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እኔ በቅልጥም ተጫውቼ አደግሁ። አጥንት እንጨት አይደለም፣ በውስጡ መቅኔ የያዘ ሕያው ነገር ነው፣ ሲሰበር ራሱን ይጠግናል፣ የኛ ሥራ አቅንቶ ማሰርና መታገሥ ነው ይለኝ ነበር። አጥንትን ከአጥንት ጅማት ያያይዘዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ፈሳሽ አለ፤ ስለዚህ ጤነኛ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ ድምፅ የለውም።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ የአባቴ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። በዚያው ሰሞን አጎት እንደማለት «ዐም» የምንለው የውኃ ሻጩ የኢድሪስ አህያ ከነጋሪው ወደቀ። ከባለቤቱ ይልቅ የደንበኞቹን በር ለይቶ የሚያውቅ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ከእጄ የሚበላ አህያ ነበር። የፊት እግሩ አብጧል። ወልቆ ከሆነ አባቴ ይመልሰዋል፤ ተሰብሮ ከሆነ ግን ለጋሪ አህያ መድኃኒት እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

አባቴ ገመድ የሚፈልግ መስሎ እኔን አስዳሰሰኝ። ከጣቴ ሥር አጥንት ከአጥንት እንደ ጥሬ ጨው ሲፋጭ ተሰማኝ።

ዐም ኢድሪስ እንዳይገባው አባቴ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ተሰብሯል ወይስ ወልቋል?» አለኝ።

«ወልቋል» አልሁ።

አመነኝና ሳበው። አህያው ያሰማውን ድምፅ አልጽፈውም። ዐም ኢድሪስ በሰው ጋሪ ጭኖ ወሰደው፤ ወዴት እንደሚወስደው የጠየቀው አልነበረም። አባቴ አልመታኝም። ከጎኔ ተቀምጦ፣ «እጅሽ ያወቀውን አፍሽ ደበቀው» አለ። «ከሞት አላዳንሽውም፤ ሥቃይ ጨመርሽበት እንጂ።»

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ በእርጅናው ግቢያችን ውስጥ አዳልጦት ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ዳሌውን ዳበስሁ።

«ወለምታ ነው በይኝ» አለ እየሳቀ።

ለማለት ምን ያህል እንደፈለግሁ እኔ ነኝ የማውቀው። «ተሰብሯል» አልሁት።

ሳቁን ትቶ እጄን ያዘ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሣም። በቀሩን ሦስት ወራት ግን አንዲት ቀን እንኳ በማስመሰል አላለፈችብንም፤ የት መቀበር እንደሚፈልግ ነገረኝ፣ በየትኛው ነገር እንዳስቀየምሁት፣ እሱም በምን እንደሚጸጸት ነገረኝ፤ እኔም ብቻዬን መቅረት እንደምፈራ ነገርሁት። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንደዚያ አውርተን አናውቅም።

አሁን ጎረቤቶች በየማለዳው እንዴት አደርሽ ይሉኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ እላቸዋለሁ። ያምኑኛል።