በሩን የዘጉበት ሲንቄ

የክፍሉ ቁልፍ ተሰብሮ ነበር። አምስታችንንም ካስገባ በኋላ ፖሊሱ በሩን ከውጭ ገጠመና የሚያስርበት ነገር ፈለገ። ገመድ የለም፣ ሽቦ የለም። ከእኛ የቀማው ሲንቄ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አነሳውና በሁለቱ የብረት ቀለበቶች መካከል ሰካው። በበሩ ስንጥቅ እናየዋለን።

አዴ ሳቁ። አዴ የምንላቸው ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋን ነው፤ ሲንቄው የእሳቸው ነው።

«እናቴ በሠርጌ ቀን ስትሰጠኝ፣ ማንም እንዳይነካሽ ብላ ነበር» አሉ። «ይኸው፣ ማንም እንዳይነካን ተዘጋብን።»

ሲንቄ ለማያውቀው ሰው ቀጭን በትር ነው። በእኛ አገር ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ትቀበለዋለች። በደል ሲደርስ ሴቶች እሱን ይዘው ይወጣሉ፤ ወንድ ጥሷቸው አያልፍም፣ እጁንም አያነሳባቸውም። በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ ነገሩ ካላለቀ ሲንቄው ቤት አይገባም። እኔ ሮቤ ተወልጄ በሁለቱም ቋንቋ ያደግኩ ነኝ፤ እናቴ ግን ሲንቄ አልነበራትም። ያን ቀን ይዘው የመጡት አዴ ብቻ ነበሩ።

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ክረምት ነበር። የባሌን የሐምሌ ብርድ በሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ያላየ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻላል።

ያሳሰረን ነገር ይህ ነው። ስንዴ የሚበጠርበት ድርጅት ውስጥ ጆንያ እንሰፋ ነበር። ወንዶቹም ይሰፋሉ፤ ያው ጆንያ፣ ያው መርፌ፣ ያው ካቦ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ወንዱ አራት መቶ ብር ሲቆጠርለት ለእኛ ሦስት መቶ። ለምን ስንል ካቦው፣ «ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል» ይለናል። ይህን የሚለው ለአዴ ጭምር ነው፤ ባላቸው ሞቶ ሦስት የልጅ ልጅ ለሚያሳድጉት ለአዴ!

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አግኝቼ በምሳ ሰዓት አነበብኩላቸው፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ይላል። አቤት ያልንበት ቢሮ «በጽሑፍ አምጡ» አለን። አመጣን። «አሠሪያችሁ ይፈርምበት» አለን። ጉድ እኮ ነው! ሌባው ይፈርምልህ እንደማለት። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሥራ አንገባም ብለን በሩ ላይ ቆምን፤ አዴ ሲንቄያቸውን ይዘው ከፊት። ወንዶቹ አጥሩ ውስጥ ሆነው ያዩናል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ፖሊስ ሲመጣ አንዱም ሳል እንኳ አላሰማም።

በማግስቱ መርማሪው አንድ በአንድ ጠራን። ሦስቱ የሰጣቸው ወረቀት ላይ ፈርመው ወጡ። አልቀየምኳቸውም፤ እስከዛሬም አልተቀየምኳቸውም። አዴና እኔ ቀረን።

ሰባት ወር የሆናት ልጅ ቤት ትቼ ነበር። ጡቴ አብጦ ድንጋይ ሆኗል፤ ወተቱ ቀሚሴን አርሶት፣ እርጥቡ ደግሞ በብርዱ ቆዳዬ ላይ ይቀዘቅዛል። አዴ ነጠላቸውን አጥፈው ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ነው።

መርማሪው በሩ ድረስ መጣ። ወረቀት ሰጠኝ።

«ልጅሽ ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንብቢና ፈርሚ። የአሮጊቷ ጉዳይ ይጣራል።»

እሱ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ አዴ ጠጋ አሉ።

«ምን ይላል?»

ማንበብ አይችሉም። አዋጁን ያነበብኩላቸው እኔ፣ ይሄንንም አነበብኩላቸው። አዴ ሥራ አስኪያጁን ለመደብደብ ዱላ ይዘው መምጣታቸውንና እኛን ማሳመፃቸውን በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ቃል አልዘለልኩም።

«ፈርሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«አዴ፣ ውሸት እኮ ነው! እርስዎስ?»

«እኔ የሚጠባ የለኝም። ሕፃን አዋጅ አያውቅም፤ ወተት ነው የሚያውቀው። ፈርሚ።»

ወረቀቱን የማስደግፍበት አጣሁ፤ ግድግዳው እርጥብ ነው። እሳቸው ጉልበታቸውን አመቻቹልኝ። እዚያ ላይ ፈረምኩ። ወይ እኔ!

ፖሊሱ ሲንቄውን ከቀለበቶቹ መዞ አወጣኝ፤ መልሶም ሰካው።

አምስት ሳምንት አቆዩአቸው። ምሳ አመላልስላቸው ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ጠባች?» ይሉኛል፤ ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተፈቱ ዕለት በር ላይ ጠበቅኋቸው። ጉልበታቸው በብርዱ አብጦ መርገጥ አቅቷቸዋል። ፖሊሱ ሲንቄውን ዘረጋላቸው፤ «እናት፣ ዱላዎትን ይያዙ እንጂ፣ ይወድቃሉ።»

«ነገሩ አላለቀም» አሉት። «ሳያልቅ ቤት አይገባም። እዚሁ ይቆይ።»

ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ክንዴን ስሰጣቸው ያዙኝ። ያ ነው የገደለኝ፣ መያዛቸው።

ዛሬ ክፍያው እኩል ነው። እውነቴን ነው። ወንዶቹን ወደ እኛ አወረዷቸው፣ አለቀ። ወንዶቹም አሠሪውን ትተው እኛን ይረግማሉ፤ «እናንተ ናችሁ ያስቆረጣችሁብን» ይሉናል። አዴ ይህን ሳያዩ ገሰራ ወረዳ ልጃቸው ቤት አረፉ።

ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ጣቢያው ሄድኩና ቃሌን አስተካክላለሁ አልኩ። መዝገብ ቤት ያለው ልጅ እግር ፖሊስ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ፋይሉን ፈልጎ አወጣው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ተዘግቷል። ሴትዮዋም ሞተዋል ብለሽኛል። አሁን ለማን ይጠቅማል?»

«ወረቀት ስጠኝ» አልኩት።

ውሸት መፈረሜን፣ ማንም ለመደብደብ እንዳልመጣ፣ በትሩ ሲንቄ እንደሆነ ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ አስቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛ ነበረኝ። እሱም አንብቦ ከፋይሉ ጋር አያያዘው። ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቶ ሲንቄውን ይዞ መጣ። አቧራ ለብሷል፤ ቀለበቱ የፋቀው ቦታ መሃሉ ላይ ይታያል።

«እንግዲያው ውሰጂው፤ ቦታ ይዞብናል።»

እጄ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

«ነገሩ አላለቀም፤ እዚሁ ይቆይ» አልኩት።

ያኔ ጡት የጠባችው ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። የአዴን ሲንቄ ጠይቃኝ አታውቅም። የጠየቀችኝ ቀን የት እንዳለ እነግራታለሁ፤ ያን ዕለት በማን ጉልበት ላይ እንደፈረምኩም እነግራታለሁ።